ጎማውን በጨረቃ የለወጠችው

እንደ ጨረቃ ያለ የታከተው ፍጥረት ያለ አይመስለኝም። ማንም እየተነሳ፣ የሚወዳት ሴት ፊት ቆሞ የሚለው ሲጠፋው፣ እሷን ጎትቶ ያመጣታል። እኔ በጨረቃ ቦታ ብሆን ይሄኔ ፍርድ ቤት ቆሜ ነበር! ይህን የምለው እንዲያው ለነገሩ አይደለም። በዚህችው ጨረቃ ምክንያት ባለፈው እሑድ አንድ የምሳ ገበታ ተበትኗል። አንዲት ልጅም ሳምንቱን ሙሉ እንጀራዋን እንኳ በወጉ አልበላችም።

ከመሃል ለገባችሁ፣ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የአንድ ሳምንታዊ መጽሔት አራሚ ናት። ሰው የጻፈውን በቀይ እስክሪብቶ እያጸዳች ነው የምትውለው፤ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ቀይዋ» ይሏታል። የምትወደው ሰው ደግሞ ጎሚስታ ነው። ከመሥሪያ ቤቷ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ስር፣ የተነፈሰ ጎማ ውሃ ገንዳ ውስጥ ደፍቆ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለገ ይጠግናል። የተዋወቁት የአባቷን አሮጌ መኪና ይዛ ወጥታ ጎማ የተነፈሰባት ቀን ነው። ቀዳዳ በሚያመለክትበት ጠመኔ ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር ግጥም ጽፎ ኖሮ፣ ቆማ አነበበች። ጎማው ተጠግኖ፣ ተገጥሞ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ እያለም ቆማ ነበር።

አባቷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ፣ ሠፈሩ በሙሉ «መምህሩ» የሚላቸው ሰው ናቸው። የልጃቸውን ጉዳይ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጎሚስታ?»

«ግጥም ይጽፋል፣ አባባ።»

«እንግዲያው ግጥሙን አምጪው። ግጥሙን ካየሁ ሰውየውን አየሁት ማለት ነው። ካልረባ ግን ይህ ነገር ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳይነሳ።»

ግጥሙ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። በደረሰኝ ጀርባ ላይ የተጻፈ፣ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት ጥቁር አሻራ ያለበት። አውጥታ አነበበችው። ጎማ፣ ገንዳ፣ ቀዳዳ የሚለጠፍበት ማስቲሽ። ለብቻዋ ሆና ስታነበው ሆዷን የሚያባባው ነገር፣ በአባቷ መነጽር ስታየው አሳቀቃት። ይህ የሚያምር ልብ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እንግዳ ቤት ሊገባ ነው ብላ ፈራች። ታዲያ ምን አደረገች? የለመደችውን! ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። ጎማውን አውጥታ አበባ አስገባች፤ ገንዳውን አንስታ ጨረቃ ሰቀለች። በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ለአባቷ ሰጠች።

መምህሩ ሁለቴ አነበቡት። «ይሄ ሰው ጨዋ ነው» አሉ። «እሑድ ምሳ ይምጣ።» እሷም በደስታ ብዛት ያንኑ ግጥም በመጽሔቱ የግጥም ገጽ ላይ፣ «ጎሚስታው» በሚል ስም አወጣችው። ገበታው ላይ ድንገት ሲያየው እንዲደሰት ብላ። አይ የኛ ነገር!

እሑድ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ። እጁን በሳሙናም በአሸዋም አሽቶት ነበር፣ ግን የጥፍሩ ስር አልለቅ ብሎት ጠረጴዛ ስር ደብቆታል። የመምህሩ ታናሽ እህት፣ አክስቷ፣ አፏን ዘግታ የማታውቀዋ ማለት ነው፣ «ብላ እንጂ አባቴ፣ በዓይንህ ነው እንዴ የምትበላው?» እያለች ታዋክበዋለች። አራሚዋ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዓይን ዓይኑን ታያለች። እሱም ቀና ሲል ያያታል፤ ያኔ ሁለቱም ሳህናቸው ላይ ያቀረቅራሉ።

ምሳው ሲያልቅ መምህሩ መጽሔቱን አንስተው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኙበት በነበረው ድምፃቸው ጀመሩ፦

«ልቤን እንደ አበባ ለፀሐይ ከፍቼ፣
ጨረቃን አየኋት ሌሊት ተነስቼ፤
ብርሃን የወጣው ከአንድ ቦታ ነበር፣
አንቺ ካለሽበት፣ ከሰማዩ በር...»

ጎሚስታው መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር የሚሰማው። የሌላ ሰው ግጥም መስሎት። «ነበር» እና «በር» የሚሉት ሲመጡ ግን ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረና ደረቀ። መምህሩ እስከ መጨረሻው አነበቡ። አክስት አጨበጨበች።

«ይቺ ሴት ማናት?» አለ ጎሚስታው።

መምህሩ ቀልድ መሰላቸው። «ያንተን ምስጢር እኛ በምን እናውቃለን?» ብለው ሳቁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር። ይህን ግጥም እኔ አልጻፍኩትም።» ከዚያ ወደሷ ዞረ። «ጎማዬን የት አደረስሽው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስቅ ነገር ነበር። ማንም አልሳቀም።

«አስተካከልኩት» አለች በቀጭን ድምፅ። «ለእኛ ብዬ።»

«አስተካከልሽው!» እጁ ከጠረጴዛው ስር ወጣ፤ መደበቁን ረሳው። «እኔ ጨረቃን አላየሁም አላልኩም። ጨረቃን ሁሉም ሰው ያያታል! አንቺን ግን ያየሁሽ እኔ ነኝ። ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብለሽ፣ አረፋው ቡልቅ ሲል ‹ይኸው! ይኸው፣ አገኘነው!› እያልሽ ስትጮሂ፣ ያቺን ነው የጻፍኳት። ያቺ ሴት በዓለም ላይ አንድ ናት። ሰማይ ላይ ያስቀመጥሻት ግን ማንም ልትሆን ትችላለች። ጎረቤቴ ልትሆን ትችላለች! እኔ አላውቃትም። ላላወቅኳት ሴት የፍቅር ግጥም አልጽፍም።»

«ለምን አትሰማኝም...»

«ሰማሁሽ እኮ። አባትሽ ጮክ ብለው አነበቡልኝ።» ተነሳ። ወንበሩን በቀስታ ወደ ቦታው መለሰ፤ ይህ ቀስታው ነው ከሁሉ የባሰባት። «መምህር፣ ምሳውን እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የጻፈው ሰው የመጣ ቀን ወንበሩን ይስጡት።»

በሩ ተዘጋ።

«ዋናው የታለ?» አሉ መምህሩ።

ደረሰኙን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጣታቸው አሻራውን እንዳይነካ በጠርዙ ይዘው አነበቡት። ቅንድባቸው በየመስመሩ ከፍ እያለ ሄደ።

«ማስቲሽ!» አሉ በመጨረሻ። «በፍቅር ግጥም ውስጥ ማስቲሽ! ‹ፋቂኝ› ይላል ደግሞ! ፍቅር የተቀደደ ጎማ ሆኖ ቀረ? ይሄንን ሰው ነው በገበታዬ ያስቀመጥኩት?»

«እኔን ግን ‹ፋቂኝ› የምትለዋ አንጀቴን በላችው» አለች ከትከሻቸው በላይ አብራ ያነበበችው አክስት። «ወንድምጋሼ ሙት እያልኩህ ነው፣ ክንዴን ውርር አደረገኝ።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ዝም አልልም። አንተ ዕድሜ ልክህን ስለ ጨረቃ ስታስተምር አንድ ቀን ማንንም ውርር አድርገህ አታውቅም።»

አራሚዋ ግን ብድግ አለች። በዚህ ቤት ውስጥ አባቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ዛሬ ከየት እንደመጣ አላወቀችውም።

«አባባ፣ ግጥሙን ካየሁ ሰውየውን አየሁት ብለውኝ አልነበር? እንግዲያው ጨዋ ነው ያሉት እኔን ነው! የወደዱት የኔን ፍርሃት ነው፤ ጨረቃዋ የኔ ናት። እሱን ገና አሁን ነው ያዩት፣ ያውም በሁለት ጣት ይዘው!»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷ ግን ያን ለማየት አልቆየችም፤ ደረሰኙን ከእጃቸው ወስዳ፣ ክፍሏ ገብታ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያለቀሰችው በንዴት ነው። በአባቷ ተናዳለች። በሱ ተናዳለች፤ ምን ቆርጦት ነው በሰው ፊት ጥሏት የሚወጣው? ለማን ብላ ነው የደከመችው?

ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ሁሉ ጻፈችለት፤ ሁለት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ። «ጥፋቴ አንተን ማሳመሬ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ወድጄህ ባይሆን ኖሮ ግጥምህን እንዳለ ሰጥቻቸው፣ ሲስቁብህ አያይ ነበር!» ገና ሱቁ ሳይከፈት በቆርቆሮው በር ስር አስገባችው።

መልሱ ማክሰኞ በመሥሪያ ቤቷ ዘበኛ እጅ መጣ። በደረሰኝ ጀርባ።

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ገበታ ትቶ መውጣት ነውር ነው፤ አባትሽን ይቅርታ በይልኝ። አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግጥሙን ስትገለብጪ አውራ ጣቴን የት ጣልሽው? ወረቀቱ ላይ የነበረው አሻራ ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ሌላ ደረሰኝ ነበረኝ፤ መገልበጥ እችል ነበር። አንቺ ግን ከነእጄ የምትወጂኝ መስሎኝ ተውኩት። የወደድሽው የታጠብኩትን ብቻ ከሆነ፣ ጠዋት ሥራ በገባሁ ቁጥር ታጪኛለሽ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ሥራ እገባለሁ።»

«እንዴ!» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እኔን! እኔ በሱ አፍሬ!» ባልደረቦቿ ቀና አሉ። ምን ቆርጦኝ አፍራለሁ፣ በሱ አፍሬ አላውቅም፣ ብላ መሐላ ልትምል ነበር። ግን አንድ ነገር ትዝ አላት።

ሁልጊዜ ከሥራ ስትወጣ ሊሸኛት ሲመጣ፣ በዋናው በር እንዳይጠብቃት ነግራዋለች። «ጥጉ ላይ፣ ከፋርማሲው አጠገብ ቁም፤ እዚህ መኪና ይበዛል» ብላዋለች። ስምንት ወር ሙሉ ፋርማሲው አጠገብ ቆመ። አንድ ቀን እንኳ ስለ የትኛው መኪና ነው የምታወሪው ብሎ አልጠየቃትም። ጎሚስታ እኮ ነው፤ መኪና የት እንደሚበዛ ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል?

ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ከአባቷም ተነሳ፣ ከሱም ተነሳ፣ ዞሮ መጥቶ በራሷ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ንዴት ደግሞ በልቅሶ አይወጣም።

ረቡዕ ዕለት ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገባች። መጽሔቱ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ «እርማት» የምትባል ጥፍር የምታህል ቦታ አለችው። ዋና አዘጋጁ የሰጠችውን ወረቀት ተመልክቶ ዓይኑን አፈጠጠ።

«እርማት ሁለት መስመር ነው! ይሄ ገጽ ሙሉ ነው!»

«ስህተቱም ገጽ ሙሉ ነበር።»

«አንባቢ ምን አገባው?»

«አንባቢ ባለፈው ሳምንት ውሸት አንብቧል። ያነበበው ደግሞ በኔ እጅ የተሠራውን ነው። ስድስት ዓመት የዚህን መጽሔት ስህተት ስለቅም ኖሬያለሁ፤ የራሴን አንድ ስህተት እንድለቅም ካልተፈቀደልኝ እስክሪብቶው ይኸው።» ቀዩን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ዋና አዘጋጁ እስክሪብቶውን አየ። እሷን አየ። ወረቀቱን እንደገና አነበበ፤ ወደ ታች ሲደርስ መበሳጨቱ እየቀነሰ ሄደ። «ገጹ ለአንድ ሳሙና ማስታወቂያ የተያዘ ነበር» አለ እያጉረመረመ። «ሳሙናው ይቆይ።»

ቅዳሜ የወጣው እንዲህ ይላል፦

«እርማት። ባለፈው እትማችን ‹ጎሚስታው› በሚል ስም የወጣው ግጥም ከባድ ስህተት አለበት። በመጀመሪያው መስመር ‹አበባ› የተባለው ጎማ ነው። በሁለተኛው መስመር ጨረቃ የለችም፤ ገንዳ ነው፤ ገንዳውም ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ይገኛል። ከዚያ በታች ያለውን አንባቢ በሙሉ ይሰርዝልን። ትክክለኛው ግጥም ይህ ነው፦

ልቤን እንደ ጎማ በአየር ሞልቼ፣
ገንዳ ውስጥ ደፈቅሁት በሁለት እጆቼ፤
አረፋው የወጣው ከአንድ ቦታ ነበር፣
አንቺ ከገባሽበት፣ ከደረቴ በር።
ሳይፋቅ የለጠፉት አይቆይም በጎማ፣
ፋቂኝ፣ ሸካራ አርጊኝ፣ ጩኸቴም ይሰማ፤
ማስቲሹን ቀቢና መዳፍሽን ጫኚብኝ፣
መንገዱ ድንጋይ ነው፣ አየሬን ያዢልኝ።

በዋናው ወረቀት ግራ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት ጥቁር አሻራ አለ። የግጥሙ አካል ስለሆነ በዚህ እትም እንዳለ ታትሟል። ስህተቱ የገጣሚው አይደለም፤ የአራሚዋ ነው። ጎማ የፍቅር ነገር አይደለም ብላ አስባ ነበር። ገጣሚው ግን ያየውን ነው የጻፈው፤ እሷ የፈራችውን አረመች። ከእንግዲህ በዋናው በር ብትጠበቅ ደስ ይላታል።»

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሔቱን በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚያነቡት። ያመለጣትን ስህተት ሁሉ አክብበው፣ ቁርስ የምትበላበት ቦታ ላይ ያስቀምጡላታል። ስድስት ዓመት አንድ ቅዳሜ አልዘለሉም። የእሑዱ ጠብ ካለፈ ወዲህ ግን አባትና ልጅ ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። ያን ጠዋት መጽሔቱን ቦታው ላይ ስታየው ቀይ በቀይ ሆኖ ይጠብቀኛል ብላ ገለጠችው።

የመጀመሪያው ገጽ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም። እስከ መጨረሻው ገለጠች፤ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችም። እርማቱ ጋ ደረሰች። «አየሬን ያዢልኝ» ከሚለው ስር በቀይ ተሰምሯል፤ በክብ አይደለም፣ ለተማሪዎቻቸው ጎበዝ ሲሉ በሚያሰምሩት ዓይነት መስመር ነው። ዝቅ ብሎ፣ «የአራሚዋ ነው» ከሚለው ቀጥሎ የሚጨመር ነገር ሲኖር የሚያደርጉት ምልክት አለ። በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሑፋቸው አንድ መስመር ጨምረዋል፦

«ስህተቱ ያስተማራትም ሰው ነው።»

አክስቷ ከበስተጀርባዋ መጥታ በሹክሹክታ፣ «ሦስቴ ጮክ ብሎ አነበበው» አለቻት። «ከዚያ ‹ማስቲሽ መልኩ ምን ዓይነት ነው?› ብሎ አይጠይቀኝ መሰለሽ! እኔ በምን አውቄ!»

ወዲያኛው ክፍል ውስጥ መምህሩ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ዘርግተዋል፤ ገጹን ሳይገልጡ ብዙ ቆይተዋል። ልጃቸው ገብታ ከኋላቸው ትከሻቸውን አቀፈቻቸው። መምህሩም ጋዜጣውን አጥፈው እጇን ያዙ።

መጽሔቱን ይዛ ወጣች። በጓሮ አልዞረችም፤ በዋናው መንገድ፣ የቅዳሜ ሰው በሞላበት፣ የመሥሪያ ቤቷን በር አልፋ ቆርቆሮው ጥላ ስር ደረሰች። ጎሚስታው ገንዳው ላይ አጎንብሶ የውስጥ ጎማ በውሃ ውስጥ እያዞረ ነበር። ጥላዋን ሲያይ ቀና አለ። ስድስት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነው ያለው። እንደናፈቃት ያስታውቃል፤ እንደተቀየማትም ያስታውቃል።

«አንብበው» አለች መጽሔቱን ዘርግታ።

እጁን አየ። ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል። «አንቺው አንብቢልኝ። ንጹሕ ወረቀት ነው፣ ይቆሽሻል።»

«ያዘው።»

«ይቆሽሻል እያልኩሽ!»

«ይቆሽሽ!» ብላ ጮኸች። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ከመጽሔቱ ቢሮ መስኮት ላይ ሁለት ራሶች ብቅ አሉ። «ይቆሽሽ አልኩህ! ንጹሕ ንጹሑን ይዤ አይደለም እንዴ አንተን ያጣሁህ?»

ተቀበላት። ቆሞ አነበበ፣ በቀስታ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። የአሻራው ሥዕል ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱን አምጥቶ እላዩ ላይ አስቀመጠው፤ ልክክ አለ። ከዚያ ቀዩን መስመር አየ።

«ይህን አባትሽ ናቸው የጻፉት?»

«እሳቸው ናቸው። ማስቲሽ መልኩ ምን ዓይነት ነው ብለውሃል።»

ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ገንዳው አዞረ። አራሚዋ ገንዳውን ዞራ ከፊቱ ቆመች። የለበሰችው ነጭ ሸሚዝ ነው፤ አልተጠነቀቀችለትም። መዳፏን ደረቱ ላይ፣ በግራ በኩል አድርጋ ተጫነችው። ከእሑድ ጀምሮ የያዘው የሚመስል ረጅም ትንፋሽ ከውስጡ ሲወጣ በመዳፏ ስር ተሰማት።

«እዚህ ጋ ነው?» አለችው።

«እዚያው ጋ ነው» አላት። «እጅሽን እንዳታነሺው።»